የታደሰን ሶላር ይዤ ወደ አቃቂ

እዚህ ተራራ ላይ የምንኖር አብዛኞቻችን አቃቂን በስሙ እንጂ በዓይናችን አናውቀውም። ባለቤቴ መምህር ታደሰ የዚያ ልጅ ባይሆን ኖሮ እኔም አላውቀውም ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ ውሃ ስንቀዳ "መንገዱ እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ደህና ነው" ብቻ እያልኩ አልፌአለሁ። በአፌ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ እየተቀመጥኩ ጥቂት ጥቂት ጻፍኩት።

ለምን እንደሄድኩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማያውቅ ግን ልናገር። ታደሰ በሐምሌ ደረቱን አሞት ሞተ። ጎርፉ ድልድዩን ወስዶት ስለነበር ወደ ሐኪም ልናወርደው አልቻልንም፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው። እናቱ እማማ አስካለ አቃቂ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ደም ብዛትም አለባቸው። የኛ ስልክ ባትሪው አልቆ ስለነበር ርዕሰ መምህራችን ጎርፉ ጋብ ሲል እንደምንም በእግሩ አሰላ ወርዶ ለእድራቸው ዳኛ ለጋሽ ወልዴ ደወለለት። ጋሽ ወልዴ በባቡር መሥሪያ ቤት ያረጀ፣ ታደሰን በልጅነቱ ያሳደገ ሰው ነው። "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም" አለ። "መንገዱ ሲከፈት ሚስቱ ትምጣ። ሰው ሰብስበን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ግራ ቀኝ ይዘናቸው እናረዳቸዋለን።" እኛም አገር ያው ነው። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም።

ቤታችን ውስጥ ያለው ስልክ የታደሰ ብቻ ነው። እናቱ በየእሑዱ ይደውሉለት ነበር። ስልኩን የምንሞላበት ሶላር የደብተር ስፋት ያላት ጥቁር ሰሌዳ ናት፤ ከጀርባዋ የሚወጣው ገመድ ለየስልኩ ዓይነት የሚሆን ልዩ ልዩ ጫፍ አለው። ታደሰ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ያዞራትና በየዕረፍቱ ከክፍል ወጥቶ ከፀሐይዋ ጋር ያንቀሳቅሳት ነበር። ለእናቱም "መብራት እየጠፋ ተቸገርኩ" ሲሉት "በሚቀጥለው ስመጣ ሶላር አመጣልሻለሁ" ብሏቸው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ስልኩን ዘግቼ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ለጋሽ ወልዴ ልደውል ስከፍተው የእማማ ጥሪ ገባ።

"ታዴ ምነው ድምፁ ጠፋ?"

"ደመና ነው እማማ። ሶላሩ አልሞላ ብሎ ነው።"

"በል እንግዲህ፤ ፀሐይ ስትወጣ ይደውላል" አሉና ዘጉት።

ደመና መሆኑስ እውነት ነበር። ከዚያ መስከረም ገባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ድልድዩም ተጠገነ። የምይዘው ምክንያት አለቀ።

ሐሙስ

ጥቁር ልብሴን አውልቄ ሻንጣዬ ሥር አስገባሁትና የፋሲካውን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩ። እማማ ሳይረዱ በጥቁር ብመጣ ልብሴ ቀድሞኝ ይናገራል። የተቆረጠውን ፀጉሬን በቢጫ ሻሽ ሸፈንኩ። ሶላሯን በታደሰ ሹራብ ጠቅልዬ ታቀፍኳት።

አይሱዙው ላይ የተሳፈሩት ሴቶች ቀሚሴን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ሁለት ወር ሳይሞላት አረንጓዴ ለበሰች ብለው ይሆናል። ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን መንገዱ ሲያንገጫግጨን የድንች ጆንያ ላይ እንደተቀመጥኩ ሶላሯን አጥብቄ ያዝኩ። ከታደሰ ጋር ስንሄድ እሱ ከኋላዬ ሆኖ ጀርባዬን ይደግፈኝ ነበር። አሁን ጀርባዬን የደገፈኝ የመኪናው ብረት ነው።

አሰላ ስንገባ ከተማው ጨልሟል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ ኩራዝ ይዛ ተቀበለችኝ። "መብራት በፈረቃ ሆኗል፤ ዛሬ የኛ ተራ አይደለም" አለችኝ። እኛ መብራት ኖሮን ስለማያውቅ አይጠፋብንም። እዚህ ግን ሰዉ አምፖሉን ሽቅብ እያየ ሲቀመጥ፣ ከቤቱ አንድ ሰው ቀርቶበት የሚጠብቅ ይመስላል።

እራት ድንች ወጥ አቀረበችልኝ። መብላት አቅቶኝ እንጀራውን ስቆራርስ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ሳህኑን አነሳችና ትኩስ ወተት አመጣችልኝ።

ዓርብ

ጠዋት ጉም ነበር። ጉሙ ሲነሳ ሶላሯን ግቢው ውስጥ በርሜል ክዳን ላይ አስደግፌ ስልኩን ከሥሯ ጥላ ውስጥ አደረግሁት። ስልክ ፀሐይ ከነካው ይግላል፤ ይኼንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ምልክቱ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ብሞክር ባዞር እንቢ አለ። ለካ የወይዘሮ ብርቄ የታጠበ አንሶላ ጥላውን ጥሎባታል። ትንሽ ጥላ ካረፈባት ሁሉንም ትተዋለች፤ እንዲህ ናት።

ወይዘሮ ብርቄ ጉዱን ስታይ እርጥቡን አንሶላ ሁሉ ከገመዱ ሰብስባ በክንዷ ተሸከመችው።

"ኧረ ተይው፣ ልብስሽ ይደርቅበት" አልኳት።

"ልብስ ነገም ይደርቃል። አንቺን የሚጠብቅ ሰው አለ። ማን ነው፣ ባልሽ ነው?"

"እናቱ ናቸው።"

"ታድለሻል። የኔዋ አማት ብትሆን ኖሮ የምትጠብቀኝ በዱላ ነው" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ስልኩ አንድ መስመር ሲሞላ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ። "ነገ ጎህ ሲቀድ ነው" አለኝ። "አንቺ ዛሬ እሳቸው ጋ እንዳትሄጂ፤ ሳሪስ አቦ እህቴ ቤት ታድሪያለሽ። ቦታውን እንዳሳይሽ ስልኩን ክፍት አድርጊው።"

ክፍት አደረግሁት። የተበላሸውም በዚያ ነው።

በአዳማና በሞጆ በኩል አድርገን ደብረ ዘይት ደረስን፤ ከዚያ ሚኒባስ ያዝኩ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሰማዩ ዝቅ ያለ። እኛ ጋ ዓይን ከተራራ ተራራ ሲዘል ይውላል፤ እዚያ የሚያርፍበት አጥቶ ይሄዳል። ዱከምን ካለፍን በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ነው ብዬ ስሙን ሳላይ አነሳሁት።

"ሃሎ! ታዴ!"

እማማ ነበሩ።

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ሙሽራዬ! ፀሐይ ወጣችላችሁ ማለት ነው! እስቲ አገናኚኝ።" ካገባሁ ስንት ዓመት ሆነኝ፣ እሳቸው አሁንም የሚጠሩኝ ሙሽራዬ ብለው ነው።

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ረዳቱ ጆሮዬ ሥር ጮኸ። "አቃቂ! ቃሊቲ! ሳሪስ! አቃቂ ወራጅ አለ?"

"ምን አለ? አቃቂ አለ?" አሉ እማማ። "የት ነሽ አንቺ?"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ረዳቱን ለመንኩት። "ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል።"

"እናቴ፣ ቀስ ካልኩ ማን ይሰማኛል? አቃቂ ትወርጃለሽ ወይስ እናሳልፍሽ?"

"ትወርዳለች በለው!" የእማማ ድምፅ ከጣቶቼ መሃል ወጥቶ ሚኒባሱን ሞላው። "እዚያው ፌርማታው ላይ ቁሚ፣ መጣሁ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። "አለቀ፣ ትዕዛዙ ከላይ መጣ" አለ ረዳቱና ሻንጣዬን አወረደልኝ።

አቃቂ ላይ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አቧራ ነው፤ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ የጭነት መኪና። እኛ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ አቧራ ይውጣሉ። አስፋልቱን ተሻግሬ ስጠብቅ እማማ ጥላ ይዘው፣ ነጠላቸው እየወደቀ፣ ሊሮጡ እየቃጣቸው መጡ። አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው የሄደውን ሚኒባስ አዩ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"የተማሪ ምዝገባ ነው። አልተለቀቀም።"

"ስልኩንስ ምነው አንቺ ያዝሽው?"

"ለመንገድ ይዘሽ ሂጂ ብሎኝ ነው።"

"እና እኔ በምን ልደውልለት ነው? አዬ ታዴ፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፣ አያስብም።"

ሰፈራቸው ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ ነው። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሐዲዱን ሣር ውጦታል፤ ፍየሎች ይግጡበታል። መንገዱ ላይ የከድር ሱቅ አለች። ከድር የስልጤ ሰው ነው፣ የመንደሩ ሰው መብራት ባለ ቀን ስልኩን እሱ ጋ ሰክቶ ይሄዳል። እማማን ሲያይ "እማማ፣ ትናንት የሞላሁት ዛሬ አለቀ እንዳይሉኝ። ኧረ ወሬ ይቀንሱ!" አላቸው።

"ሂድ ወዲያ! ልጄን ስፈልግ ነው ያለቀው። ይኸውልህ፣ የታዴ ሚስት ናት።"

ከድር ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ ወልዴ ለመርዶው ከጠራቸው ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን ያኔ ከዓይኑ አወቅሁ። አረንጓዴ ቀሚሴን አየ፣ ቢጫ ሻሼን አየ፤ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። "እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝና ዳቦ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። ሂሳብ ሳንነጋገር ወደ ጓዳው ገባ።

ቤት ስንደርስ ሶላሯን ከሹራቡ ስፈታት እማማ እጃቸውን አጨበጨቡ። "እንዳለው ላከልኝ!" ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። በርጩማ ላይ ቆሜ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኳት፤ አንዴ በነጠላዬ ጫፍ ብጠርጋት ነጠላው ጠቆረ። የእማማን ስልክ ስሰካው ምልክቱ መሮጥ ጀመረ። እሳቸው ከታች ሆነው "ይሄዳል? አሁንም ይሄዳል?" ይሉኛል።

እኔ እላይ ሳለሁ ወንበሩ ላይ የተውኩት የታደሰ ስልክ ጮኸ። ከመውረዴ በፊት እማማ አነሱት።

"ሃሎ... ወልዴ? ወልዴ ነህ? ታዴ ጋ ምን ፈልገህ ደወልክ?"

በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ቆርቆሮውን ጨብጬ ቀረሁ። ጋሽ ወልዴ ሳያውቅ አንዲት ቃል ቢያመልጠው፣ እዚያው ግቢ መሃል፣ ማንም ሳይዛቸው ሊሰሙት ነው። የጋሽ ወልዴ ሳል እኔ ድረስ ተሰማ።

"እንኳን አደረሰህ ልትለው?" አሉ እማማ። "ዘመን የተለወጠው መቼ፣ አንተ ዛሬ ትዝ አለህ? አርጅተሃል ወልዴ!" እየሳቁ ስልኩን ሰጡኝ። ጋሽ ወልዴ በዝግታ "እዚያው እደሪ በቃ። እስከ ነገ አደራ" አለኝ።

ማምሻውን ሽሮ በላን። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። ይበላል? ይበላል። ያ ሳሉ ለቀቀው? ለቀቀው። ያልጨረሱትን ሹራብ ከሳጥን አወጡና "እጄ ልኩን ረሳ፤ እስቲ ቁሚ" ብለው እጅጌውን በኔ ክንድ ላይ ለኩ። "የሱ ከዚህ ይረዝማል አይደል?"

"ትንሽ ይረዝማል" አልኳቸው።

ወንድማችሁን፣ ባላችሁን ያጣችሁ ታውቁት ይሆናል፤ ለቅሶ የሚከብደው ሲያለቅሱት አይደለም። ይዘውት ሲቀመጡ ነው። ያን ምሽት ከሳቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኛን። ከቀበርኩት ቀን ይልቅ ያን ምሽት ብቻዬን ነበርኩ።

ቅዳሜ

አልነጋም ነበር፣ በሩ ተንኳኳ። እማማ ቀድመውኝ ተነሱና ከፈቱ። ጋሽ ወልዴ ጋቢውን ለብሶ ፊት ቆሟል፤ ከኋላው ከድር፣ ከነሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢውን ሞልተዋል።

እማማ በእድሩ የታወቁ ናቸው፤ እኔ ይኼን አላውቅም ነበር። መርዶ ሲነገር ሴቶቹን ደግፈው የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ በየጎህ መቅደዱ እንዲህ እየተጠሩ ብዙ ቤት ሄደዋል። ሰዎቹን አይተው አልደነገጡም። "ቆዩኝ፣ ነጠላዬን ላምጣ" አሉ። ገብተው ነጠላቸውን እንደ ሴቶቹ አዘቅዝቀው ለበሱ። መቀነታቸውን አጠበቁ። ለኔም "አንቺ ተኚ፣ የመንገድ ድካም አለብሽ፤ ቶሎ እመለሳለሁ" አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"ለማን ነው? የማን ቤት ነው የምንሄደው?"

ጋሽ ወልዴ መሬት መሬቱን አየ። ሴቶቹ ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀረቧቸው። እማማ ያን አቀራረብ ያውቁታል፤ ስንቱን ሰው እንደዚያ ቀርበውታል። ዘወር ብለው እኔን አዩ። ሻሼ በእንቅልፍ ወልቆ የተቆረጠው ፀጉሬ ታየ።

"ሙሽራዬ" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። ይዘናቸው ነበር፤ ይኼ ይበቃል። ሲነጋ ጥቁር ልብሴን ከሻንጣዬ ሥር አውጥቼ ለበስኩ። ሁለት ወር ያዘነው አካሌ በልብሱ ውስጥ ገብቶ ሲያርፍ ተሰማኝ።

ድንኳኑ ውስጥ

ድንኳኑን የእድሩ ሰዎች ተከሉ። እኛ ጋ ለቀስተኛ ከየተራራው ሲወርድ ጩኸቱ ይቀድመዋል፤ እዚያ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ ከነሥራ ልብሱ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሄዳል። ሰፈሩ መብራት በሌለበት ተራ ላይ ስለነበር፣ ዘመድ ከሩቅ ሲደውል ስልኮች እየሞቱ ተቸገርን። ከድር የሰዉን ስልክ በየተራ እያመጣ ሶላሯ ላይ ይሰካ ጀመር። ማንንም አላስቀደመም፤ ጋሽ ወልዴን እንኳ "ሰልፍ ይያዙ" አለው።

ሦስተኛው ቀን ላይ እማማ ከፍራሹ ተነሱ። የት ሊሄዱ ነው ብለን ስንከተላቸው በርጩማዋን ጎትተው ከማድ ቤቱ ሥር ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ሶላሯን ትንሽ ወደ ምዕራብ ገፋ አደረጓት።

"ፀሐይዋ ዞራለች እኮ" አሉ። "ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?"

ተመልሰው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

የተመለስኩ ዕለት

ሶላሯን ትቼላቸው ልወጣ ስል ከሻንጣዬ ጋር በሩ ላይ አገኘኋት፤ በዚያው ሹራብ ተጠቅልላለች።

"እሱ ለእርስዎ ያሰባት ናት" አልኳቸው።

"እኔ በፈረቃም ቢሆን መብራት አለኝ። ከድርም አለኝ። አንቺ እዚያ ተራራ ላይ ምን አለሽ?" ሹራቡን አስተካከሉና "ቁጥሩን እንዳትለውጪው። የማውቀው እሱን ብቻ ነው" አሉኝ። "ደግሞ ደመና ሲሆን ደመና ነው በዪኝ። ሌላ ነገር ሲሆንም እንደሆነው ንገሪኝ።"

"እሺ እማማ።"

እስከ ፌርማታው ሸኙኝ። ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ የሄድኩበት ታክሲ ውስጥ ለእስረኛ ምግብ የያዙ ሴቶች ነበሩ። ሳህኖቻቸውን በጨርቅ ቋጥረው ጭናቸው ላይ አድርገው እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ማረሚያ ቤቱ ጋ ሲወርዱ አየኋቸው። አዘንኩላቸው ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የሚያደርሱለት ሰው ስላላቸው ቀናሁባቸው። ሶላሯን ጭኔ ላይ አድርጌ እኔም በሁለት እጄ ያዝኳት።

አሰላ ወይዘሮ ብርቄ ጥቁር ልብሴን ስታይ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ቀን ያነሳችው አንሶላ አልጋዬ ላይ ተነጥፎ ነበር።

ቤቴ በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ሶላሯን ደጃፉ ላይ፣ ታደሰ ያስቀምጣት የነበረበት ድንጋይ ላይ አደረግኋት። ሰማዩ ግማሹ ደመና ነበር። ስልኩ ሲጮህ ስሙን አየሁት፤ እሱ እንደመዘገበው "እማዬ" ይላል።

"ሙሽራዬ፣ ፀሐይ አለ?"

"ትንሽ አለ እማማ።"

"እዚህም ትንሽ አለ።"

እሳቸው ጋ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ እኔ ጋ ንፋሱ። ስልኩን አንዳችንም አልዘጋነውም።